የጋሽ ኦይታ ሽቦ

ጋሽ ኦይታ ጎረቤቴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው ሱቄ ጀርባ በምትገኘው ክፍላቸው የራሳቸውን የራዲዮ ጣቢያ አቋቋሙ። ፈቃዱን ለማግኘት ብዙ ተመላልሰዋል። ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የሚናገርም የሚሰማም አንድ ሳጥን፣ የመኪና ባትሪ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ የእጅ ማይክሮፎን። አንቴናው ደግሞ ከትውልድ መንደራቸው ከኦቾሎ ባስመጧቸው ሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች መካከል የተወጠረ የመዳብ ሽቦ ነው።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ከሩቅ አገር አንድ ሰው እንዲመልስላቸው። በየማታው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የተሰጣቸውን መጠሪያ እየደጋገሙ ይጣራሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ስድስት ወር ሙሉ የሰሙት "ዥዥዥ" የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

እኔ ሰይፈዲን ደግሞ ዜና ሳልሰማ ሱቅ አልዘጋም። ሽቦው በተሰቀለ ሰሞን የእኔም ራዲዮ ሲመሽ ዥ ማለት ጀመረ። ጥፋተኛውን ለማወቅ ሊቅ መሆን አላስፈለገኝም፤ ቀና ብዬ ሽቦውን አየሁ፣ በቃ። በስድስተኛው ወር አንድ ማታ ጋሽ ኦይታ ሱቅ መጡና፣

"ሰይፉ፣ ይቺን የበር አምፖል እስቲ ለአፍታ አጥፋልኝ፤ ዥዥታው ከእሷ እንደሆነ ልይ" አሉኝ። ገበያ እንድትጠራልኝ ሽቦው በተሰቀለ ሰሞን የሰቀልኳት ርካሽ አምፖል ናት።

ደሜ ፈላ። "ሽቦ የሰቀሉት እርስዎ፣ ጥፋተኛዋ የእኔ አምፖል?" አልኳቸው፤ ያውም ደንበኛ ፊት። በማግስቱ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ከሰስኳቸው። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ ጋሽ ኦይታ ሽቦውን በገዛ እጃቸው አወረዱት። "በሽቦ ከጎረቤት አልጣላም" አሉ።

ሽቦው ወረደ፤ የእኔ ራዲዮ ግን ዥ ማለቱን አልተወም። አፌን ዘግቼ ሁለት ሳምንት ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ማታ አምፖሏ ተቃጠለች። ራዲዮዬ ወዲያው ጥርት አለ፤ ዜና አንባቢው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀርከሃውን እኔ አቆምኩ፣ ሽቦውን እሳቸው ወጠሩ።

ሲመሽ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ተጣሩ። ያ የሳጥኑ ዥዥታ የለም፤ ቀጥሎ የሰው ድምፅ መጣ። እንግሊዝኛ ነው፣ ደግሞ ይፈጥናል። ጋሽ ኦይታ መለሱ፤ አዳመጡና ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረጉ።

"ምን አለ?"

"የሞምባሳ ሰው ነው፤ እንደኔው ጡረተኛ። 'ስድስት ወር በየማታው መለስኩልህ፤ ምን በድዬህ ነው የዘጋኸኝ?' ይላል። ሁለት ሳምንት ስጠፋማ ሞተ ብሎ አዝኗል።"

እንባቸው መጣ። የእኔም አልቀረም።

"ምን ልበለው ሰይፉ?"

"እውነቱን ነዋ" አልኳቸው። "ሰይፈዲን የሚባል ጎረቤት አለኝ ይበሉት።"