የፓንቴ የቁም ተዝካር

ሳፍታ በሾርባዋ የመጣባትን ሰው አትምርም። በዥዩ ወንዝ ዳር ባለችው መንደር ለሠርግ ድስት የሚጣደው እሷ ስትደርስ ነው። በተብላላ የፉርሽካ ውሃ የምታጎመዝዘውን የዶሮ ሾርባ አንድ ቀን "ጨው አንሶታል" ያለቻትን ምራቷን ዓመት ሙሉ አኩርፋታለች። እንዲህ ያለችው ሴት፣ ባልሽ በሆዱ በኩል ይመገብ ስትባል ምን እንደምትል ገምቱት።

የተነገራት በሚያዝያ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪው ባሏ ፓንቴ ጉሮሮው ላይ ካንሰር ወጥቶበት ጨረር ታዞለት ነበር። ዶክተሯ ሳፍታን አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳቻት። ሆዱ አይቀደድም፤ ብርሃን ያለው ቀጭን መሣሪያ በአፉ አስገብተው ጨጓራውን ከውስጥ እያዩ፣ ከውጭ ትንሽ ቀዳዳ በስተው ቱቦ ያስቀምጡለታል፤ ቢፈጅ ግማሽ ሰዓት ነው። ጨረሩ ጉሮሮውን ሲያቆስለው ምግቡ በዚያ ይገባል፣ ጨረሩን የሚችልበት አቅም ያገኛል።

"እኔ እጄ ሳይቆረጥ ባሌ እንደ በርሜል በቧንቧ አይሞላም" አለች ሳፍታ።

ፓንቴ እሷ ካለች ይሁን አለ። የፓንቴ ነገር ይኸው ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ እሷ ካለች ይሁን ነው።

ከዚያማ አጥንት ስትቀቅል፣ ሥጋ ስትፈጭ፣ በወንፊት ስታጠል ከረመች። ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶውን ይመለስላታል። "ጥርግ አድርጎ ነው የሚበላው" እያለች ለጎረቤት ሁሉ ትኩራራለች። ሰውየው ግን ሱሪው በገመድ ካልታሰረ አልቆም አለው፤ ጨረሩንም አቅም አጥቶ በመሐል አቋረጠው። እሷ የጨረሩን መሣሪያ ረገመች። ጉድ እኮ ነው፣ በዚያ ቤት የሚወፍረው ውሻው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን ሰጥታው ከወጣች በኋላ፣ የረሳችውን ዳቦ ይዛ ስትመለስ ፓንቴ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ሾርባውን ለውሻው ሲገለብጥ አየችው። የበላ እንዲመስል ከንፈሩን በሾርባው አርሶ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ከሐምሌ" አለ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው አቀርቅሮ። "እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው።"

ሳፍታ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱ ራሷ ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ቱቦው ገባለት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በሽታው ግን ሳንባው ደርሷል፤ ቱቦው ረሃቡን እንጂ ሌላውን አይመልስም አለቻት ዶክተሯ። አልተቆጣቻትም። ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳፍታ እህል ዘጋት።

በዚያ አገር ሞቱ የቀረበ ሰው የቁም ተዝካሩን ያወጣል። አዲስ ሳህን በምግብ ሞልቶ ከነማንኪያው ለተራበ ሰው ይሰጣል፤ የሰጠው ምግብ እዚያኛው ዓለም ይጠብቀዋል፤ ለቤት ሰው ግን አይሰጥም። በጥቅምት የፓንቴ ቀን ደረሰ። ቱቦውን ከሸሚዙ ሥር ሸሽጎ ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጠ። ሾርባውን ሳፍታ ሠራች። ቄሱ ከባረኩ በኋላ አንዲት ድኻ ጎረቤት እጇን ዘረጋች፤ ፓንቴ አልፏት ሳህኑን ሚስቱ ፊት አስቀመጠው።

"ለቤት ሰው አይሆንም፣ ፓንቴ" አሉት ቄሱ ቀስ ብለው።

"ለተራበ ነው አላላችሁም?" አለ በሰለለ ድምፅ። "ከሷ የተራበ እዚህ የለም። ብዪልኝ፣ ሳፍታ።"

ማንኪያውን አነሣች። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ፤ አልወርድ አላት። ፓንቴ ዓይኑን ከጉሮሮዋ አልነቀለም። ውሻው ከጠረጴዛው ሥር መጥቶ፣ እንደለመደው ጅራቱን እየቆላ እግሯ ሥር ተቀመጠ። አንዲት ጠብታ አልሰጠችውም። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ እየወረደ፣ ማንኪያው ባዶ ሳህን እስኪፍቅ ድረስ በላችለት።