ትርንጎ የሮጠችበት እሁድ

ባለፈው እሁድ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ኳስ ሲያይ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመበት። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ አራገበው፣ የዋይፋዩን ሳጥን አጥፍቶ አበራው። ተጫዋቾቹ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ተጨፍልቆ አራት ማዕዘን ሆኖ ነበር።

«እማዬ፣ አንቺ የኮምፒውተር አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ፊልም ሳይ ጥርት ይላል። የቀጥታ ጨዋታ ሲሆን ብቻ ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ለስንት ተማሪ አስረድቼዋለሁ። ያን ቀን ግን «ኋላ እነግርሃለሁ» ብዬው ወደ ኩሽና ገባሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይህንኑ ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቁኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ሸዋ ሮቢት፣ ልጃቸው ትርንጎ በሮጠችበት እሁድ።

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ እንጂ ሙቀት አላውቅም ነበር። አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጋቢዬን፣ ደብረ ሲና ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ የማወልቀው ነገር አልቆብኝ ነበር። ማስተማሩ አያደክምም፤ ሌላው ነው የሚያደክመው። ከክፍል ስንወጣ ስብሰባ፣ ከስብሰባው ስንወጣ የአንድ ለአምስት ውይይት፣ ቀጥሎ ደግሞ የውይይቱ ግምገማ። ቤቴ ስደርስ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲግል ውሎ ይጠብቀኛል። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልነጋገር የምተኛበት ቀን ብዙ ነበር።

የተከራየሁት እትዬ አስካለ ግቢ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ማሳቸው በመስኖ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለሙ፣ ረዘም ያሉ ቆፍጣና ሴት ነበሩ። አመሻሽ ላይ ግቢውን ውሃ ይረጩና ጠፍር አልጋቸውን ማንጎው ሥር ያወጣሉ። እኔ በረንዳዬ ላይ እቀመጣለሁ። ወሬያቸው ከየትም ቢነሳ ትርንጎ ላይ ያርፋል።

ትርንጎ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። በሩጫ ተመርጣ አዲስ አበባ ማሠልጠኛ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ አልመጣችም። አሠልጣኟ፣ ቆላ ከወረድሽ ወባ ይዞሽ የዓመት ልፋትሽ ገደል ይገባል ይላታል። እሳቸውም ማሳውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም።

«ድምጿንማ እሰማለሁ» አሉኝ አንድ ምሽት። «መልኳ ነው እየጠፋብኝ የመጣው። ፎቶዋን ሳይ ፎቶው ትዝ ይለኛል እንጂ እሷ አትመጣልኝም።»

የፋሲካ ሳምንት ትርንጎ ደወለች። አውሮፓ ውስጥ ማራቶን ልትሮጥ ነው፤ የመጀመሪያዋ የውጭ አገር ውድድር። በእኛ ቴሌቪዥን አይተላለፍም፤ በኢንተርኔት ግን በቀጥታ ይታያል ብላ ነገረቻቸው። ስልኩን እንደዘጉ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

«እንዲያ ያለ ነገር ይቻላል እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«እንሞክራለን እትዬ» አልኳቸው። ሲያመሰግኑኝ ፊታቸው ላይ ያየሁት ተስፋ ግን እንዳልተኛ አደረገኝ። የሸዋ ሮቢትን ኔትወርክ አውቀዋለኋ።

እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም፤ መጥተው ላፕቶፑ ፊት ቁጭ አሉ። ታላቅ ወንድማቸው ጋሼ ታምሩ ከጀውሃ አንድ ዘንቢል ፓፓያ ይዘው መጥተዋል። ብርሃኑ እንዳያስቸግረን መስኮቱን ዘጋሁ። ቤቱ ታፈነ፤ ላቡ ከአገጫችን እየተንጠባጠበ ላፕቶፑን በስልኬ በኩል ከኢንተርኔቱ ጋር አገናኘሁት። ሩጫው ከተጀመረ ቆይቶ ነበር።

መጀመሪያ ረጅም ጎዳና፣ ዛፎች፣ የቆመ ሕዝብ ታየን። ወዲያው ምስሉ ተበላሸ። የፊተኞቹ ሴቶች ወደ ቀለም ነጠብጣብ ተቀየሩ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ይቆማል፤ ክቡ ምልክት ይሽከረከራል፤ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል።

«ሰው መሆናቸው በምን ይታወቃል?» አሉ ጋሼ ታምሩ።

እትዬ አስካለ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አጥብበው ቆዩና «ያቻትና!» አሉ።

«የትኛዋ?»

«ሁለተኛዋ። አንገቷን ወደ ቀኝ ጣል የምታደርገዋ። ልጅ ሆና ውሃ ስልካት ጀምሮ ሩጫዋ እንደዚያው ነው።»

እኔ የማየው አንድ ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ከሌሎቹ ለየት ብሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ እውነት ነው።

ምስሉ ደግሞ ሲቆም ወደኔ ዞሩ። «ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርገው? የጎረቤት ልጆች በስልክ የሚያዩት ፊልምማ ጥርት ይል የለ?»

«እትዬ፣ የርስዎ ማሳ የቦዩ ጫፍ ላይ ነው አይደል?»

«አዎን።»

«ከላይ ያሉት ሁሉ ባንዴ ሲከፍቱትስ?»

«ምን ይደርሰኛል፣ ጭቃ ነው እንጂ።»

«ይኼም እንደዚያው ነው። ዛሬ እሁድ ነው፤ ከተማው ሁሉ ስልኩን ይዞ አንዱን የኔትወርክ ማማ ይሻማል። እዚህ ሳይደርስም ስንት አገር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ፊልም ቢሆን የተቀረጸ ነውና አስቀድሞ ይጠራቀማል፤ በበርሜል ሞልተን እንደምናስቀምጠው ማለት ነው። ገና ያልተሮጠን ሩጫ ግን ማጠራቀም አይቻልም። ስለዚህ የሚመጣው ሲያንስ ጨርሶ እንዳይቆም ጥራቱን ይቀንሰዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያልነገርኳቸው ነገር ነበር፤ እኔም ልብ አላልኩትም። ምስሉ በቆመ ቁጥር እኛ ወደ ኋላ እየቀረን ነበር። ሩጫው እኛን አልጠበቀም።

የእትዬ አስካለ ስልክ ጮኸ። ረጅም የውጭ ቁጥር ነው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆሙ።

«አቤት… ማን ልበል?… እሺ… እሺ እናቴ… ትናገራለች?… ታውቅሻለች?… እግዜር ይስጥሽ።»

ስልኩን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እዚያ የምትኖር የአጣዬ ልጅ ናት፤ ቁጥሬን ራሷ ትርንጎ ናት የሰጠቻት። መንገድ ዳር ቆማ ስታያት፣ ትርንጎ ወድቃለች። እግሯን ነው። በመኪና ወስደዋታል። ደህና ናት፣ በቴሌቪዥን አይታችሁ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው የደወልኩት አለችኝ።»

ሦስታችንም ወደ ላፕቶፑ ዞርን። ትርንጎ እየሮጠች ነበር። ሁለተኛ ናት፤ እንዲያውም ወደ መጀመሪያዋ እየተጠጋች ነው።

«ውሸት ነው!» አሉ ጋሼ ታምሩ ብድግ ብለው። «ምን ዓይነቷ ሟርተኛ ናት! ይኸው በዓይናችን እያየናት!»

መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። «ጋሼ… ይኼ ቀደም ብሎ የሆነ ነው። ለኛ የሚደርሰን ዘግይቶ ነው።»

ጋሼ ታምሩ እኔን አዩ፣ ላፕቶፑን አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። እጄን ልኬ ልከድነው ስል እትዬ አስካለ አንጓዬን ያዙኝ። መዳፋቸው ሻካራ ነበር፤ አጥብቀው ነው የያዙኝ።

«አትዝጊው። እስክትወድቅ ልያት። ሁለት ዓመቴ እኮ ነው።»

ተውኩት። በዚያ ሙቀት ማንም አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ ምንም ሳታውቅ ወደ መውደቂያዋ እየሮጠች ትመጣለች፤ እናቷ ያውቃሉ፤ እኛ እናውቃለን። ጋሼ ታምሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ማየትም አለማየትም አቃተኝ። ከዚያ፣ ከከተማው ግማሹ ስልኩን ያስቀመጠ ይመስል፣ ምስሉ ድንገት ጠራ። ካሜራው ቀርቧት ነበር። የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳለች፤ ጉንጯ ገብቷል፤ ላቡ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል።

«ከስታለች» አሉ እትዬ አስካለ። «አድጋለች ደግሞ።» እጃቸውን ሰደዱና ጉንጯን በጣታቸው ነኩት።

ከዚያ ቆመ። ትርንጎ አንድ እግሯ መሬት ሳይነካ ቀረች። ክቡ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ አልተመለሰም።

«እንደገና ልሞክር?» አልኳቸው።

«ተይው የኔ ልጅ። አየኋት።»

ሳይመሽ ትርንጎ ከሆስፒታል ደወለች። ለቅሶዋ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። እትዬ አስካለ አንዴም ስለ ሩጫው አላነሱም። «በላሽ ወይ?» ነበር ያሉት። «እህል ቀምሰሻል?» ትርንጎ ግን ተመልሳ ተመልሳ አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«አየሁሽ እንጂ» አሏት። «ስትሮጪ አየሁሽ። ስትወድቂስ አላየሁም።»

ክረምቱ ሲወጣ ትርንጎ እያነከሰች ወደ ቤቷ ገባች። ጅማቷ ሁለት ጊዜ ቢታከምም ለሩጫ አልሆነም። መጀመሪያ ሰሞን ከቤት አትወጣም ነበር፤ ኋላ ማሳውን ያዘች፣ አገባች፣ ወለደች። እትዬ አስካለ ሲያርፉ አጠገባቸው የነበረች እሷ ናት። እኔም ተዛውሬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ስብሰባው ስሙን ቀየረ እንጂ አልቀረም።

አምና ሸዋ ሮቢት ሳልፍ ጎራ አልኩባት። ወፈር ብላለች። የሩጫው ነገር አይቆጭሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ይቆጨኛል» አለችኝ፣ ሽንኩርቱን እየለቀመች። «ግን ባልወድቅ ኖሮ እናቴን በስልክ ብቻ ነበር የምቀብራት።» እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያው እንደ ዘበት ነው የተናገረችው፤ እኔ ነኝ ይዤው የተመለስኩት።

እናቴ ደብረ ብርሃን ብቻዋን ናት። መንገዱ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ እኔ ግን ሥራ፣ ልጅ፣ ድካም እያልኩ ከገና ወዲህ አልሄድኩም። በቪዲዮ ነው የምንገናኘው። ባለፈው እሁድ ልጄ ኳሱን ጨርሶ ሲወጣ ደወልኩላት። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ የሹራቧ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል።

«እታይሻለሁ እማዬ?» አልኳት።

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ።

«ጥርት ብለሽ ትታዪኛለሽ» አለችኝ። «ደክሞሻል።»