ለአንድ ሰው የሚሆን ድንኳን

ሞተር ላይ ዕቃ ስጭን የሚያየኝ ሰው ሁሉ ቀንስ ይለኛል። "ቀለል ብለህ ሂድ" የሚሉ ሰዎች ሲመሽ የእኔን ብርድ ልብስ ሲለምኑ ስላየኋቸው ምክራቸውን አላምነውም።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ከቢቸና ስነሳም እንደ ልማዴ አብዝቼ ነበር። ግራና ቀኝ የሸራ ቦርሳ፣ አንድ ጄሪካን ውሃ፣ ቡታጋዝ፣ ሦስት መጽሐፍ፣ ከሁሉ በላይ ቀዩ ድንኳኔ። ያሰርኩት ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቀደደ ጎማ ነው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይብስ ይጠብቃል። ሐሳቤ ሞጣ ላይ የታመሙትን አጎቴን ጠይቄ፣ ከዚያ ወዲያ ዓባይ አፋፍ ላይ ሁለት ቀን ብቻዬን መቀመጥ ነበር።

ጎረቤቴ የዕድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ናቸው፤ ስለ ድንኳን ከእርሳቸው በላይ አዋቂ የለም። በር ላይ ቆመው ጭነቴን ካዩ በኋላ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሞጣ፣ አጎቴ ጋ አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ሄልሜት አጥልቄ ሞተር አስነስቼ ስለነበር አልሰማሁም። ያልሰሙትን ነገር ምርቃት ነው ብሎ መቀበል ጨዋነት ስለሆነ "አሜን" ብዬ ሄድኩ።

መንገድ ላይ አንድ ፈታሽ የድንኳኑን ዘንጎች አንድ በአንድ ዳሰሰ። ቤት እንዳለኝ ጠየቀኝ። አለኝ አልኩት። ቤት እያለው ሜዳ ላይ የሚተኛ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ሲያስብ ከፊቱ ይነበብ ነበር። እውነት ለመናገር ጥርጣሬው ከእኔ መልስ ይሻል ነበር።

ሞጣ ስደርስ የአጎቴ ልጅ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ነርስ ናት፤ በሥራዋ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ለምዳለች።

"አንተ ሰው፣ ምን አድርገህ ነው 'እግዜር ያጽናህ' ሲሉህ አሜን ያልከው?"

በአገራችን ድንኳን የሚወጣው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። በገና ጾም ሠርግ የለም። ጎረቤቴ የቀረውን አስልተው ለዘመድ ደውለዋል፤ ዘመድ ለዘመድ ደውሏል። አንዷ እያለቀሰች እዚህ ቤት ስትደውል ስልኩን ያነሱት አጎቴ ራሳቸው ነበሩ። የራሳቸውን መርዶ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ አመስግነው ዘጉት።

እኔ የማውቀው ሕመማቸው የጨጓራ መሆኑን ነበር። ልጃቸው ግን የባሕር ዳሩ ውጤት ሌላ እንደሆነ፣ ከክረምት እንደማያልፉ፣ ቤተሰቡም ላለመንገር እንደተስማማ እዚያው ደጅ ላይ ነገረችኝ። ድንኳኑን ፈትቼ ጎረቤት እንድደብቅ ለመነችኝ። ከመነዳሪው ግን አልፈታ አለ። በጥርሴ እየጎተትኩ ሳለሁ አጎቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። ደህና አደሩ ቢባሉ እንኳ ከሰሙ በታች ያለውን ወርቅ ይፈልጋሉ።

"ስንት ሰው ይይዛል?" አሉ ወደ ድንኳኑ እያመለከቱ።

"አንድ ሰው፣ የኔታ።"

"ለአንድ ሰው የሚሆን ድንኳንማ መቃብር ነው የሚባለው።"

ልጃቸው ከሚገባው በላይ ሳቀች። እንድተክለው አዘዙኝ። ግቢው መሃል ተከልኩት፤ ጎንበስ ብለው ገብተው ተቀመጡ። ልጃቸውን ጠበል እንድታመጣ ወደ ቤት ላኳት።

"ሰሙን በስልክ ሰምቻለሁ። ወርቁን አንተ ንገረኝ። ሕመሜ ምንድን ነው?"

በሽተኛን ስለ ገዛ በሽታው መዋሸት ከኪሱ እንደመስረቅ ነው ብዬ ስሟገት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጽፌዋለሁም። ዓይናቸውን ሳይ ግን ያ ሁሉ ጽሑፍ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

"ጨጓራ ነው ይላሉ" አልኩ።

"'ነው' ብለህ ብታቆም ኖሮ አምንህ ነበር። 'ይላሉ'ን ማን ጨምር አለህ?"

ዕቃ ማብዛት ልማዴ ነው፤ ቃልም እንደዚያው።

"ይበቃኛል" አሉ። "ለእርሷ ግን እንዳወቅሁ አትንገራት። እኔን ስትደብቅ ነው የምትበረታው። ድንኳኑንም እዚሁ ተወው፤ ሊያለቅሱ የሚመጡትን ከውስጡ ሆኜ እቀበላቸዋለሁ።"

እንዳሉትም የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች ከበር ስትገባ ሟቹ ከቀዩ ድንኳን አንገታቸውን አውጥተው፣ ከየት ሰማሽ ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ እዚያው ቁጭ አለች። አጎቴ እየሳቁ ሳል ያዛቸው፤ እስኪበርድላቸው ልጃቸው ጠበሉን ይዛ ቆመች።

ዓባይ አፋፍ መሄዴ ቀረ። በማግሥቱ ሞተሩን ሳስነሳ፣ ከኋላ ያለው ባዶ ቦታ ከጭነቱ የበለጠ ያስቸግረኝ ጀመር። ልጃቸው በሩን ይዛ፣ ድንኳኑ ውስጥ ምን እንዳሉኝ ጠየቀችኝ።

"ስለ ድንኳኑ ነው" አልኩ፤ በዚያው አቆምኩ። ሄልሜቴን እስካጠልቅ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ አላነሳችም።