«አልፈልግም» ያለችው ልጅ

በጣሊያን ጊዜ አምበር ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት ደብር ዳዊት አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ጢማቸው ገና ያቀመቀመ ጎረምሶች ናቸው።

አንድ ቀን ውሃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ፣ እንስራዋ ተሰብሮ ቀሚሷ ርሶ፣ እያለቀሰች መጣችብኝ። ከተማሪዎቼ ትልቁ የምንጩን መንገድ ዘግቶ፣ እጇን ይዞ አልለቅም ብሏት ኖሯል። ጠራሁት።

«ጨዋታ ነው እኮ፣ የኔታ።»

«ልቀቀኝ አላለችህም?»

«ብላኛለች። ሴት ልጅ መቼ እሺ ትላለች?»

ሌሎቹ አጎንብሰው ሳቁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የጣሊያን ወታደሮች መሣሪያ ፍለጋ እናቱ ቤት ገብተው፣ ጎታውን ዘርግፈው፣ መቀነቷን ሳይቀር ፈትሸው ነበር። በንዴት ሲፎክር ያባበልኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ አነሳሁበት።

«ያን ቀን ምን አናደደህ?»

«ሳይጠይቁ ገቡ። እናቴን ነኩብኝ።»

«ይህችንስ ጠይቀህ ነው የያዝካት?»

«እነሱ ጠላት ናቸው። እኔ ያገሯ ልጅ ነኝ፤ ላገባት ነው የምፈልገው።»

እስኪመሽ ለፋሁበት። ግድግዳ የማናገር ያህል ነበር።

በማግስቱ የልጅቷ አባት መጣ። ልጁን ሊከስ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«የኔታ፣ እጇን ከያዛትማ ይውሰዳት» አለኝ። «ጊዜው ክፉ ነው። ወታደር ዓይኑን ሳይጥልባት ባል ታግባልኝ። እርስዎ ያስማሙን።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷማ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?»

ጉዳዩን ለመጨረስ የአገር ሽማግሌዎች በተሰበሰቡ ጊዜ ልጅቷ ትጠየቅ ብዬ ተሟገትኩ። አንዱ አረጋዊ፣ «የኔታ፣ እርስዎ ዳዊትዎን ያስተምሩ» አሉኝ። ይሄኔ ልጅቷ ከእናቷ ኋላ እንደቆመች «አልፈልግም» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሁላችንም ሰምተናል። ሠርጉ ግን ለፋሲካ ማግስት ተቀጠረ።

እናትየዋ ግን ጾሙ ሳይጋመስ ልጇን ቁይ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ሰደደቻት። አባትየው ምክሩ የእኔ መስሎት ሰላምታ ነሳኝ። ልጁም «እርስዎ ነዎት ያስኮበለሏት» ብሎኝ ትምህርቱን ጥሎ ሄደ። ምክሩ የእኔ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ።

የቀሩትን ተማሪዎች «አልፈልግም ካለች አልፈልግም ነው» እያልኩ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ሲሰለቻቸውም ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ውሃ ይዘው ሲመጡ ከመንገዱ ወጥተው ያሳልፏቸው ጀመር። ያን የሚያደርጉት ግን እኔ የደብሩ በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ነው። ገብቷቸው ይሁን ፈርተውኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።