«በቃ» የማይባልበት ክፍል

አክስቴ ሐሙስ ጠዋት ደውለው «እሁድ እንዳትቀሪ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ አረፉ ተባልኩ። ስልኬን እያየሁ አላምን አልኩ።

አብነት ሰፈር ባለችው ጠባብ ቢሯቸው ጭንቀት የጠናበትን ሰው ያማክሩ ነበር። እዚያ የሚያለቅስን ሰው «በቃ» ማለት ክልክል ነው።

«እትዬ፣ ለምን አያባብሉትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ሳይወጣለት ካስቆምኩት፣ ዝም የሚለው ለእኔ ብሎ ነው» አሉኝ። ወንበራቸውን ከጎኑ አስጠግተው ይጠብቁታል።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ግን የመጣው ሁሉ «በቃሽ፣ አይዞሽ» ይለኛል። በሦስተኛው ቀን አንዲት የማላውቃት ሴት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በቃሽ» አላለችኝም። ከማን እንደተማረችው ሲገባኝ፣ መሞታቸውን ያኔ አመንኩ፤ ጮኼ አለቀስኩ። ሴትየዋ ጠበቀችኝ።

እትዬ፣ እስካሁን አልወጣልኝም።