ኮምቦልቻ ተቀምጬ ከባሕር ማዶ ስደውል

ሥራዬን የለቀቅኩት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ሁሉ ማመልከቻ በእጄ ሲያልፍ ስለኖረ አጻጻፉን አላጣሁትም። «በራሴ ፈቃድ» ብዬ ጀመርኩ፣ «ከሰላምታ ጋር» ብዬ ጨረስኩ። በመካከሉ የጤና ችግር አለብኝ ብዬ ዋሸሁ። ምንም አልታመምኩም፤ ሰልችቶኝ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ የመጣው ግምገማ ሰለቸኝ። በባልደረቦቼ ፊት ቆሜ «በሥራ ሰዓት ሻይ እጠጣለሁ፣ ይህ ድክመቴ ነው» እያልኩ ራሴን መክሰስ ሰለቸኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያህል አልቀረኝም፤ የምኖረው ግን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ከእናቴ ጋር በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴን አላውቀውም፣ እህት ወንድም የለኝም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን።

አለቃዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉኝና አንድ ሳምንት አስቤ እንድመለስ ለመኑኝ። ሽማግሌው ቀንተውብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

በዚያ ዘመን ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ደላላ ይዞ፣ ትኬት ቆርጦ በአውሮፕላን ነበር የሚሄደው። የእኔ ኪስ ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ ርካሹን መንገድ መረጥኩ። ሆጤ ሻይ ቤት ያገኘሁት አንድ ሰው፣ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ ድንበሩን ማለፍ እንደምችል፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩን የሚያሻግሩ ጀልባዎች ሞልተው እንደተረፉ፣ ወረቀት የሚጠይቀኝም እንደሌለ አስረዳኝ። እሱ ራሱ ሄዶ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ እኔም አውቀው ነበር።

ለእናቴ ለማንም እንዳትናገር ነግሬያት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። አንዷ በሶ፣ አንዷ ድርቆሽ፣ ሌላዋ ጭኮ ይዛ መጣች። እናቴ የነፍስ አባቷን ጠርታ አስባረከችኝ። ግድግዳ የምንጋራቸው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ደግሞ በበኩላቸው ቤታቸውን አሰናድተው፣ ሽማግሌዎች ጠርተው ዱዓ አስደረጉልኝ። ከሁለቱም ቤት አሚን እየተባለልኝ ወጣሁ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ተሸኝቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አላየሁም፤ ኖሮም ከሆነ ተደብቆ ነው።

በሰፈራችን ስልክ የነበራቸው እኒሁ ጎረቤታችን ብቻ ናቸው። እናቴ ሻንጣዬን ስትዘጋ ቁጥሩን በሦስት ወረቀት አጽፋ ሦስት ቦታ ከተተችልኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ገንዘብ ላክ አልልህም። ብቻ ድምፅህን አሰማኝ። ድምፅህን ከሰማሁ እኔ አለሁ።»

የጭነት መኪናው ሾፌር ደግ ሰው ነበር። ባቲን አልፈን አፋር በረሃ ስንገባ ውሃውን አካፈለኝ፣ የሚስቱንም አመል እስኪበቃኝ ነገረኝ። ድንበር ላይ ግን ወረቀት ተጠየቅኩ። ፓስፖርቴን ስሰጥ ቪዛው የት አለ ተባልኩ። የለኝም አልኩ። ጠባቂው አልተቆጣም፣ አልሰደበኝም፤ ፓስፖርቴን መልሶ ወደመጣሁበት ጠቆመኝ። ሁሉም ነገር ያለቀው እኔ ሻንጣዬን እስካወርድ ባለው ጊዜ ነው። ሾፌሩ አዝኖ፣ ሲመለስ ለነበረ ሌላ መኪና አስረከበኝ። ከደሴ በወጣሁ በስድስተኛው ቀን ኮምቦልቻ ላይ ወረድኩ።

መናኸሪያው በር ላይ ሚኒባሶቹ ደሴ፣ ደሴ እያሉ ይጣራሉ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመግባት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሻንጣዬን ይዤ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። የመረቁኝ ምርቃት ታየኝ። ጭኮው ገና አላለቀም ነበር። መሥሪያ ቤቱ በቦታዬ ሌላ ሰው መቅጠሩን አውቃለሁ። ያቺ ጭኮ ያመጣችልኝ ሴትዮ በር ላይ ቆማ የት ደረስክ ብትለኝ ድንበር ደረስኩ ልላት ነው? ረዳቱ ትገባለህ ወይስ ትቆማለህ ብሎ ጮኸብኝ። አልገባም አልኩት። አንድ ወር ሠርቼ፣ በቂ ገንዘብ ይዤ፣ በሕጋዊ መንገድ እሄዳለሁ፤ እናቴም ምንም ሳታውቅ ይቀራል ብዬ ወሰንኩ።

አንዱ ወር ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ከቦርከና ወንዝ ወዲያ ማዶ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። በአንድ የእህል መጋዘን ጆንያ መሸከምና መደርደር ጀመርኩ። ስድስት ዓመት ወረቀት የያዘ እጅ ጆንያ ሲይዝ ምን እንደሚመስል ሠራተኞቹ ሳቁበት፤ ስሜን ትተው «ጸሐፊው» አሉኝ። ያጠራቀምኩት ነገር ሁሉ በኪራይና በምግብ ያልቃል። ቀን ቀን ባርኔጣዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ እሄዳለሁ። ኮምቦልቻ ለደሴ ሰው ጓሮ ማለት ነው፤ ቅዳሜ ገበያ፣ እሁድ ሠርግ እያለ ይወርዳል። የማውቀው ፊት ባየሁ ቁጥር አጥር ሥር ሽንቱን እንደሚሸና ሰው እዞራለሁ። ስንት አጥር እንደተመለከትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ ቴሌ ሄጄ ለእናቴ እደውላለሁ። ሠራተኛዋ «ደሴ፣ ሁለተኛ ሳጥን!» ብላ ስትጣራ ድምፅዋ በመስመሩ እንዳይገባ ሮጬ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ጎረቤታችን አንስተው እናቴን በግድግዳው ይጠሯታል፤ እናቴ እያለከለከች ትመጣለች። ከሩቅ አገር የሚደውል ሰው ይጮኻል ብዬ መጀመሪያ ላይ እጮህ ነበር፤ ሳጥኑ አጠገብ ወረፋ የያዙት ሲስቁብኝ ተውኩት። ሙቀቱ እንዴት ነው ትለኛለች። ይሞቃል እላታለሁ። ያ ብቻ እውነት ነበር። ምን ትበላለህ ስትለኝ ሩዝ እላለሁ። ሳል ሲይዛት ደሴ ክረምቱ በርትቶባት እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ እኔ ያለሁበት መጋዘን ጣሪያ ላይ ያው ዝናብ ይወርዳል። ስልኩን ስዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። ሰምታኛለች፣ አለች፣ አላወቀችም። ለአሥራ አምስት ቀን የምበላው እሱን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ እሁድ ቴሌ ስደርስ መሥሪያ ቤት አብሮኝ የነበረ ሰው ወረፋ ይዞ አየሁ። ፊቱን ሳያዞር ወጥቼ ሄድኩ። የሚቀጥለው አሥራ አምስት ቀን ይደርሳል አልኩ።

ሲደርስ ደወልኩ። ጎረቤታችን አነሱ። እናቴን ጥሩልኝ ስላቸው ጠበል ሄዳለች አሉኝ። ሳሉ ጠንቶባት ነው ወይ ስል፣ «አብሽር፣ ደኅና ናት፣ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ» አሉ። ሌላ ቀን ስደውል ዘመድ ልትጠይቅ ወረኢሉ ሄዳለች ተባልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ክርስትና ተጠርታ ገጠር ወርዳለች። እናቴ ከሰፈር ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ይህን እያወቅኩ አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ የምጠረጥረው የራሴ ውሸት እንዳይጋለጥ ብቻ ስለነበር ለሌላው ውሸት ጆሮ አልነበረኝም። ጭራሽ ደስ አለኝ። እሷን ሳልዋሻት አንድ እሁድ አለፈልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በጥር ወር ጎረቤታችን ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። እዚያ አብሮህ የሚኖር የአገር ሰው የለም ወይ፣ ትልቅ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፣ ስልኩን ስጠኝ አሉ። ደርሰውብኛል፣ ሊያጣሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። መስመሩ ተበላሽቷል፣ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አልደወልኩም።

ግንቦት ላይ ወባ ጣለኝ። ሦስት ሳምንት ያቺ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተኛሁ። አከራዬ ውሃና አጥሚት ባያመጡልኝ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ሌላ ነገርም አብሮ ለቀቀኝ፤ ኩራቱ ይመስለኛል። ዓረብ አገር እንደማልሄድ፣ ቪዛም ገንዘብም እንደማይኖረኝ ያን ጊዜ በግልጽ አየሁ። ሰው ይሳቅ፣ ይበል የፈለገውን፤ እናቴ እግር ሥር ተደፍቼ ሁሉንም እነግራታለሁ አልኩ። ስትስቅ ታየኝ። መጀመሪያ ትቆጣኛለች፣ ቀጥላ ትስቃለች፤ እንዲህ ናት።

አንድ ጧት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲቀበለን በርዶኝ ተንቀጠቀጥኩ። ሰፈር የደረስኩት ሰው ገና ቁርሱን ሳይጨርስ ነው። በራችን ላይ በተወጠረ ሽቦ የማላውቃቸው ልጆች ልብስ ተሰጥቶ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ከቤታችን ወጥታ ማንን ፈልገህ ነው አለችኝ። ሳልመልስላት ጎረቤታችን በበራቸው ብቅ አሉ። አዩኝ። የያዙትን ሰፌድ ጣሉት።

«ያ ረቢ! ማን ነገረህ?»

እኔ ገና ምንም አልሰማሁም ነበር። ከዚያ ጥያቄ ነው የሰማሁት።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ አገር ላለ ሰው ብቻውን ሆኖ ሰምቶ አንድ ነገር እንዳይሆን፣ እዚያው ያለ ትልቅ ሰው ይፈለጋል፤ ያ ሰው የአገር ልጆችን ሰብስቦ፣ አስቀምጦ፣ አጽንቶ ይነግረዋል። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ይደብቃል፤ ጠበል ሄዳለች ይባላል። የስልክ ቁጥሩም የተፈለገው ለዚያ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሰፈሩ አንድ የሚያረዳኝ ሰው ሲፈልግልኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው እንደሌለ፣ አገሩም እንደሌለ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጎረቤታችን አጠገባቸው አስቀምጠው ሁሉንም ነገሩኝ። ኅዳር ላይ ሳሉ ጸናባት፣ ትንፋሽ አጠራት። እሁድ ድምፁን ሳልሰማ አልቀርም ብላ ስልኩ ካለበት ከእሳቸው ሳሎን አስተኙኝ አለች። እሳቸውም ተሸክመው አስገቧት። እሁድን ሙሉ ዓይኗን ስልኩ ላይ አድርጋ ዋለች። ሲመሽ መስመሩ ተበላሽቶበት ነው ብለው አጽናኗት። ሐሙስ ዕለት አረፈች። ያቺ እሁድ እኔ ባልደረባዬን ሸሽቼ ከቴሌ የወጣሁባት እሁድ ናት።

እኔ መጣሁ ተብሎ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥራውን ፈትቶ ተቀመጠልኝ። ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይውጣላችሁ እየተባባሉ አለቀሱልኝ። በወባ የከሳ ፊቴን አይተው ዓረብ አገር ሰው እንዴት ያከሳል ብለው አዘኑልኝ። የጆንያ አቧራ የበላውን ሸሚዜን አይተው ከሐዘኑ የተነሳ ልብስ እንኳ አልቀየረም አሉ። አለቃዬም መጥተው እጄን ይዘው አለቀሱ። መንገዱ ስንት ቀን ፈጀብህ ብለው ሲጠይቁኝ፣ አራት ቀን አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። የዕድሩ ዳኛ፣ እናቴን በእጃቸው የቀበሩት ሽማግሌ፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ለእሳቸው ልናገር ቆረጥኩ። ጎንበስ ብዬ፣ አባቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር አልኳቸው። እሳቸው ግን ሐዘኔን የሚያውቁት መስሏቸው ቀደሙኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ አጽናኑኝ።

«ቀብሯ ላይ አልቆምኩም ብለህ ራስህን አትጉዳ፣ ልጄ። ሩቅ ስለሆንክ ነው እንጂ፣ ኮምቦልቻ እንኳ ብትሆን ኖሮ ሰው ልከን፣ እስክትደርስ እናቆይልህ ነበር።»

ምን ልትነግረኝ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልኩ።