ከጠረጴዛው ስር የነበሩት ስሞች

ያ ጠረጴዛ አሁንም ሳሎኔ ውስጥ አለ። ያብረቀርቃል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ደንዉዲ በምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ቤታቸው እየሄድኩ አራት ዓመት ተንከባክቤያለሁ። እማማ ነበር የምላቸው። ልጅ የላቸውም። ነርሲንግ ሆም የሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ "ጠረጴዛውን አንቺ ውሰጂው" አሉኝ። እንግሊዝ አገር ማሆጋኒ ከሚባል ከባድ እንጨት የተሠራ ነው፤ አራት ሰው ተጋግዞ ነው የሚያነሳው። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ እኔን ከስሩ አስገብተው በስልኬ መብራት አስነበቡኝ። ባለቤቱ የሆነ ሁሉ ስሙን በእጁ ጽፎበታል። መጀመሪያ ያሠራው ቄስ፣ ከዚያ ባሕር አሻግራ ያመጣችው ልጁ፣ ከዚያ የሷ ምራት፣ ከዚያ የእማማ እናት፣ መጨረሻ ላይ ራሳቸው እማማ።

"ከኔ ስር ያንቺን ጻፊ" አሉኝ። "አሁን አይደለም፣ ቤትሽ ሲገባ።"

ክላርክስተን ያለው ቤቴ አስገባሁት። ዛሬ ነገ ስል ሳልጽፍ ቆየሁ፤ በዚህ መሃል ማኅበር የምደግስበት ተራዬ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ የብርጭቆ ክብ አለ፣ የቢላ ጭረት አለ፣ አንዱን ጥግ ሻማ አቃጥሎታል። የማኅበራችንን ሴቶች ደግሞ አውቃቸዋለሁ! "ውይ፣ ፈረንጅ የጣለውን ለቅማ!" ሲሉ ገና ሳይመጡ ተሰማኝ። ይሉኝታ ናላዬን አዞረው። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ወዳለ እንጨት ሠሪ አስጭኜ ወሰድኩትና "ከላይ እስከ ታች አዲስ አድርግልኝ" አልኩት። ስሞቹ ጭራሽ ትዝ አላሉኝም። ሰውዬው ምን ያድርግ? ያልኩትን አደረገ። ፍቆ፣ አለስልሶ፣ ቫርኒሽ ቀባው።

የማኅበሩ ቀን ሁሉም "እንዴት ያምራል! ከየት ገዛሽው?" ሲሉ እኔ ስኩራራ ዋልኩ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የወደቀ ማንኪያ ለማንሳት ጠረጴዛው ስር ገባሁ። ቀና ስል ጉዴ ፈላ! በጣቴ ዳበስኩት፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተረፈም።

በሳምንቱ እማማን ልጠይቃቸው ነርሲንግ ሆም ሄድኩ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ፤ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

"ጻፍሽ?" አሉኝ ገና እንደገባሁ።

"አዎ።" ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ደስታቸውን ማየት ነበር። "እስቲ ሁሉንም ጥሪልኝ፤ ያንቺ ከኛ ጋር እንዴት እንደሚሰማ ልስማው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቄሱን ጠራሁ። ልጁን ጠራሁ። ምራቷንም እንደምንም አስታውሼ ጠራሁ። ከዚያ እማማን፣ ከዚያ ራሴን።

"እናቴን ዘለልሽ" አሉኝ።

ባስበው ባስበው የእናታቸው ስም ጠፋኝ። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ረሳሁት" አልኳቸው።

እጄን መታ መታ አደረጉ። "ምን ቸገረሽ የኔ ልጅ፣ ቤትሽ ስትገቢ አንብበሽ ትደውይልኛለሽ" አሉኝ።

እስከ ዛሬ አልደወልኩም።